ተፈትሻ ደህና ስለተባለችው ማውስ

ለተከበሩ የማገገሚያ ማዕከሉ የኮምፒውተርና የኤሌክትሮኒክስ ዕቃዎች ጥገና ክፍል ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እላለሁ። ለእርስዎ፣ ለቤተሰብዎና ለመላው የክፍልዎ ባልደረቦች ጤና፣ ዕድሜና ሰላም እመኛለሁ፤ በተለየ ደግሞ ምላስዎን ጤና ያድርግልዎ። ሰው ለወዳጁ የልብ ጤና፣ የጉልበት ጤና ይመኝለታል እንጂ የምላስ ጤና የሚመኝ ብዙም አላየሁም። እኛም አባታችን እስኪታመም ድረስ ምላስ የሚታመም ነገር መሆኑን አናውቅም ነበር። እኔ በበኩሌ ደህና ነኝ። እናቴ ግን ደህና አይደለችም፤ ይህን ደብዳቤ በአደባባይ ለመጻፍ የደፈርኩትም በእሷ ምክንያት ነው።

ጉዳይ ስለሚበዛብዎ ካላስታወሱኝ፣ ሁለተኛው ፎቅ ላይ መስኮቱ አጠገብ ተኝቶ የነበረው ፀጉር አስተካካይ የበኩር ልጅ ነኝ፤ እኔም እሱ ያስያዘኝን መቀስ ይዤ በእሱው ሱቅ የምሠራ ፀጉር አስተካካይ ነኝ። በክፍልዎ ውስጥ «ነዝናዛው» በሚል ስም እንደምታወቅ የአባቴ ነርስ ሳቅ እያለች ነግራኛለች። ስም ማውጣት የቅርብ ዘመድ ወግ ነውና ስላቀረባችሁኝ አመሰግናለሁ።

ቅሬታዎቼን ከማቅረቤ በፊት አባቴ ምን ዓይነት ሰው እንደነበረ ቢያውቁልኝ ደስ ይለኛል። ምላሱ ጤፍ የሚቆላ ሰው ነበር። ደንበኛ ወንበሩ ላይ ከተቀመጠ መቀሱ ቆሞ ወሬው ይቀጥላል እንጂ ወሬው ቆሞ መቀሱ አይቀጥልም፤ ግማሽ ጢሙን ተላጭቶ ግማሹን ሳይላጭ፣ ጨዋታው እስኪያልቅ ሲስቅ ከስብሰባ የቀረ ሰው አሁንም ደንበኛችን ነው። ማታ ቤት ሲገባ ደግሞ ቀን የሰማውን ሁሉ ለእናቴ ይደግምላታል። እሷም «አንተ ሰውዬ፣ ኧረ ጆሮዬን ተወው ይረፍበት» ትለዋለች፤ ዝም ካለ ግን «ምነው፣ ምን ሆንክ?» ብላ ግንባሩን ትዳስሰዋለች። እንዲህ ሆነው ነው አብረው ያረጁት። ከዚያ አንድ ቀን ጠዋት የደም ግፊቱ ተነሳበትና ምላሱንና ቀኝ እጁን ይዞበት ሄደ። የቀረለት ግራ እጁ ብቻ ነበር፤ እሱም ቀስ እያለ፣ እያረፈ የሚሄድ እጅ ነበር።

ማዕከሉ ከአልጋው አጠገብ ኮምፒውተር ስላቆመለት የማቀርበው ምስጋና ሽሙጥ የለበትም። እርስዎ አሠራሩን ያውቁታል፤ ይህን ደብዳቤ ለሚያነብ ለሌላው ሰው ስል ልናገር። ስክሪኑ ላይ በሳጥን በሳጥን የተጻፉ ቃላት አሉ። በሽተኛው ማውሷን ገፋ ገፋ አድርጎ ቀስቷን ከሚፈልገው ሳጥን ላይ ያደርስና ሲጫን፣ ማሽኑ ቃሉን ጮክ ብሎ ይናገርለታል። በአንዱ ረድፍ «አይ» ከላይ፣ «አመሰግናለሁ» ከታች ነው። በሁለተኛው «ውሃ» ከላይ፣ «ያመኛል» ከታች። በሦስተኛው «እባክዎ ይቆዩ» ከላይ፣ «እባክዎ ይሂዱ» ከታች። ይህን አቀማመጥ ልብ ይበሉልኝ። ድምፁ የሴት ነው። በመጀመሪያው ዕለት አባቴ በዚያች ሴት ድምፅ «እባክዎ ይቆዩ» ሲላት፣ አንድም ቀን አንቱ ብሏት የማያውቅ ባሏ አንቱ ሲላት፣ እናቴ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች፤ «ባሌን እንደ ስልኳ ሴትዮ አደረጋችሁብኝ!» አለች። እሱም በተረፈችው ግማሽ ፊቱ ሳቀ። ያን ሰሞን እናቴ ወንበር ላይ እያደረች፣ ጠዋት ወገቧን ይዛ እየተነሳች፣ ደስተኛ ነበረች።

አሁን ወደ ቅሬታዎቼ ልለፍ።

፩ኛ፦ አባቴ ውሃ ሲጠማው መርፌ ተወግቷል። ከንፈሩ ደርቆ ተሰነጣጥቆ እያየን ማሽኑ «ያመኛል» አለ፤ ነርሷም ሥራዋ ነውና የሕመም ማስታገሻ ወጋችው። ይህ ሲደጋገም ጊዜ ማውሷ ትታይልን ብዬ ለክፍልዎ አመለከትኩ። እርስዎም ሳይሰለቹ፣ በማዕከሉ «ነፋሱ» የሚባለውን ባለሙያዎን ላኩልን። ስሙን ያለ ምክንያት አላገኘውም። ማውሷን አፈፍ አድርጎ ቀስቷን ከዳር እስከ ዳር አበረራትና ሁሉንም ሳጥን ቶሎ ቶሎ ጠቅ ጠቅ አደረገ፤ ማሽኑም የታዘዘውን ሁሉ አንድ ሳይስት ለፈለፈ። ገመዱን ነቅሎ ሰካ፣ ኮምፒውተሩን አጥፍቶ አበራ፣ ጠረጴዛውን በእጅጌው ጠረገ። በመጨረሻም ማውሷን ገልብጦ ከሥሯ «ተፈትሿል፤ ደህና ነው» የሚል ወፈር ያለ ነጭ ወረቀት ለጠፈና ሄደ። የዕቃው ደህንነት በጽሑፍ ከተረጋገጠ በኋላ ጥፋተኛ ሊሆን የሚችል የቀረው አባቴ ብቻ ነበር። እንዲህ ያለ በሽተኛ ፍላጎቱ እንደሚለዋወጥ፣ ጠባዩም እንደሚከፋ፣ ቤተሰብም እንዲችለው ተመከርን።

ታዲያ እናንተስ ቀስቷን አላያችሁም ወይ ይሉኝ ይሆናል። አላየናትም፣ ክቡር ሆይ። ሰው ሲያናግረን የምናየው ፊቱን ነው፤ እኛም አባታችን በተናገረ ቁጥር ስክሪኑን ትተን ፊት ፊቱን ስናይ ኖርን።

፪ኛ፦ ከጠረጴዛው በላይ «ከባለሙያ በቀር ዕቃውን መንካት፣ መፍታትም ሆነ መገልበጥ በጥብቅ የተከለከለ ነው» የሚል ማስታወቂያ ሰቅላችኋል። እኔ ቀኑን ሙሉ በሰው ጉሮሮ ላይ ምላጭ እያሳለፍኩ የምኖር ሰው ነኝ። የማያውቀኝ መንገደኛ ገብቶ፣ አንገቱን ቀና አድርጎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ይሰጠኛል። አንዲት ማውስ ገልብጬ ለማየት ግን አልታመንኩም። አንድ ጊዜ እጄን ብሰድ ነርሷ «ኧረ በናትህ፣ የሚጠይቁት እኔን ነው!» ብላ ተማጸነችኝ። እሷም እንጀራዋ ነው፤ እጄን ሰበሰብኩ። ዕቃችሁን ከእኔ እጅ ስለጠበቃችሁ ምስጋናዬ ይድረሳችሁ።

፫ኛ፦ አባቴን በገዛ ራሱ ላይ ምስክር አድርጋችሁ ቆጥራችሁታል። ደግሜ ደጋግሜ ባመለከትኩ ቁጥር ነፋሱ ደግሞ ደጋግሞ መጣ፤ ስለዚህም አመሰግናለሁ። በመጣ ቁጥር ያው ማብረር፣ ያው ጠቅ ጠቅ፣ ያው ነቅሎ መሰካት፣ ያው ወረቀት። አንድ ቀን ግን፣ የሰውን ወግ ማን ይከለክለዋል፣ አጎንብሶ አባቴን «አሁንስ ተስተካከለልዎ አባቴ?» ብሎ ጠየቀው። አባቴ ማውሷን ያዘ። ግንባሩ ላብ አወጣ። ብዙ ለፋና ተጫነ፤ ማሽኑም «አመሰግናለሁ» አለ። ነፋሱ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ «ኧረ ምንም አይደል!» አለና ወጣ። አባቴ ዓይኑን ከበሩ ላይ ሳይነቅል ደግሞ ተጫነ፤ «አመሰግናለሁ»። ደግሞ ተጫነ፤ «አመሰግናለሁ»። እኛም እንዴት ያለ ጨዋ ሰው ነው ብለን ራሱን ዳበስነው። ክፍልዎ በዚያው ቀን «ተገልጋዩ መርካታቸውን በራሳቸው አንደበት ገልጸዋል» ብሎ አቤቱታዬን ዘጋው። «አይ» የሚለው ሳጥን የት እንዳለ ከላይ ነግሬዎታለሁ።

፬ኛውን ለመጻፍ ብዕሬን ሁለት ሦስት ጊዜ አስቀምጬ አንስቻለሁ፤ አጻጻፌ ቢበላሽ ይቅርታዎን እለምናለሁ።

በማዕከሉ ደንብ ማታ አንድ ሰው ከበሽተኛው ጋር ማደር የሚችለው በሽተኛው ራሱ ሲፈቅድ ነው። መልካም ደንብ ነው፤ ለበሽተኛው ክብር ከማሰብ የመጣ ስለሆነ አልቃወመውም። አመሻሹ ላይ ነርሷ ትመጣና «ባለቤትዎ ይቆዩ ወይስ ይሂዱ?» ብላ ትጠይቀዋለች። አንድ ቀን አባቴ እንደ ልማዱ ቀስ ብሎ ቀስቷን አደረሰ፣ ጣቱን አዘጋጀ፣ ተጫነ። ማሽኑ በዚያች በሠለጠነች ድምፁ «እባክዎ ይሂዱ» አለ። እናቴ ጫማዋን አውልቃ ወንበሩ ላይ ተደላድላ ነበር። «ደክሞት ነው» አለችና ጫማዋን አጠለቀች። በማግስቱ «እባክዎ ይሂዱ»። በሦስተኛውም እንደዚያው። እሱ ያለቅሳል፤ እሷ ደግሞ «አየህ፣ ፊቴን ሲያይ ነው የሚብስበት» ትለኛለች።

ከዚያ አንድ ምሽት «እባክዎ ይሂዱ» ካለ በኋላ ማውሷን ለቀቀና የእናቴን እጅጌ ያዘ። አያያዙ የዋዛ አልነበረም። እኔ አልጋው ግርጌ ቆሜ ነበር። ነርሷ ለክፋት ሳይሆን፣ እንዲሁ እንደ ተማረችው፣ «እማማ፣ እጁ ከበሽታው የተነሳ ነው እንዲህ የሚጨብጠው፤ እሱ ያለው ሂዱ ነው» አለች። እናቴ ወደ ማውሷ ተመለከተች። «ባለሙያ አይቷት ደህና ናት ተብሏል አይደል?» ብላ ጠየቀችኝ። ተብሏል አልኳት፤ ተብሎ ነበራ! እሷም አጠገቡ ቁጭ አለችና ጣቶቹን ከእጅጌዋ ላይ አንድ በአንድ አላቀቀቻቸው፤ እያንዳንዷን እያላቀቀች ሳመቻት፤ «አስቸገርኩህ፣ በቃ እሄድልሃለሁ» አለችው። አንጀቴን በላችው። አሁንም ትበላዋለች። ከዚያ ወዲህ የታጠበ ፒጃማውን በር ላይ ለዘበኛው እየሰጠች፣ እሱን ላለማስከፋት በመስኮት በኩል ቀና ብላ አይታ ትመለስ ጀመር። አባቴ ከዚያ በኋላ ብዙም አልቆየም። ጎህ ሲቀድ፣ አጠገቡ ማንም ሳይኖር አረፈ።

፭ኛ፦ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው፣ ክፍልዎ ለመጀመሪያ ጊዜ በስልክ ያገኘኝ ከቀብሩ በኋላ ነው። ለማጽናናት መስሎኝ ተነስቼ ቆሜ ነበር ያነሳሁት። ለካ የአባቴን ዕቃ የሰበሰበው ሠራተኛ ማውሷን ከነጠላ ጫማውና ከማበጠሪያው ጋር በፌስታል አስሮ ሰጥቶን ኖሯል፤ እናንተም ንብረታችሁን ፈልጋችሁ ነው። ፌስታሉን ያኔ ፈታሁት። እንደው ልቤ ስላላረፈ ማውሷን ለደንበኞች ሙዚቃ ከምናሰማበት የሱቁ ኮምፒውተር ላይ ሰካኋት። ቀስቷን ስክሪኑ መሀል አቆምኩና፣ መቼም አባቴን እያሰብኩ ነው፣ እንደ እሱ እጄን አሳረፍኩ፤ ዝም ብዬ ጠበቅሁ። ቀስቷ ወደ ታች ተንሸራተተች። እጄ አልተንቀሳቀሰም። መልሼ አቆምኳት፤ ተመልሳ ወረደች። በፍጥነት ሳበርራት ግን ሎሌ ናት፣ ያልኳትን ትሰማለች።

ያኔ ገለበጥኳት። መቼም እንዲህ በወረቀት የተከበረ ሆድ አይቼ አላውቅም። ከሁሉ ሥር የንብረት ቁጥር ያለበት ወረቀታችሁ አለ፤ ጠርዙ ከጠረጴዛው ጋር ሲፋተግ ተገልጦ ቀዩ ብርሃን ከሚወጣበት ቀዳዳ ላይ ተጠቅልሏል። በእሱ ላይ «ተፈትሿል፤ ደህና ነው»። በእሱ ላይ ሌላ «ተፈትሿል፤ ደህና ነው»። እኔ በጮህኩ ቁጥር የተለጠፈው ሁሉ ተደራርቦ ማውሷን ከጠረጴዛው አንሥቷታል፣ ብርሃኗንም ከልሏታል። ምላጬን አወጣሁ። እንደ ጨቅላ ልጅ ፀጉር ቀስ ብዬ አንድ በአንድ ላጨኋቸው፤ ከዚያ የደንበኛ አንገት በምጠርግበት ብሩሽ ጠረግኋት። ቀስቷን አቆምኩና እጄን አነሳሁ። ቀጥ ብላ ቆመች። ወንበሩ ላይ ሳሙና ተቀብቶ የሚጠብቀኝ ደንበኛ «ምነው ጌታው፣ ለምን ታለቅሳለህ?» አለኝ።

ክቡር ሆይ፣ ስለ አሠራራችሁ የገባኝ ነገር ቢኖር ይህ ነው፤ ፈትሻችሁ ትለጥፋላችሁ እንጂ ለጥፋችሁ አትፈትሹም። የሚፈትሹት እጆች ሁሉ ደግሞ ጤና የሞላባቸው ናቸው፤ እንደ አባቴ እጅ ቀስ ብላችሁ አንድም ቀን አልፈተሻችሁም። እንግዲህ የሆነው ሆኗል። እሱን አትመልሱልኝም፤ አዲስ ማውስ ስጡኝም አላልኩም።

የምለምንዎት ስለ እናቴ ነው። እናቴ እንደ ባል የሞተባት ሴት አላለቀሰችም። ሰው ሊያጽናናት ሲመጣ ከበሩ አጠገብ፣ ከሩቅ ዘመድ ወንበር ላይ ትቀመጣለች፤ «ሂጂልኝ ያለኝን ሰው ምን ብዬ አልቅስለት?» ትላለች። ፎቶግራፉን ከሳሎን አንስታ መኝታ ቤት ቁም ሣጥን ውስጥ አስገብታዋለች፤ እዚያም ቢሆን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙራዋለች፤ «እኔን ማየት አስጠልቶታል» ትላለች። እኔ ማውሷን ይዤ ሄድኩ፤ ገልብጬ አሳየኋት፤ የቀስቷን ነገር አስረዳኋት። ሰማችኝ፤ ጉንጬን ዳበሰችኝ፤ «ልጄ፣ እኔን ለማጽናናት ብለህ ነው። አንተ ፀጉር ቆራጭ ነህ፤ ባለሙያው ደህና ናት ብሎ ጽፏል» አለችኝ። ከእኔ ቃል የእናንተን ወረቀት ታምናለች። ዕድሜዋን ሙሉ የተጻፈ ነገር የምታከብር ሴት ናት፤ ይህ እንዴት እንደጎዳት ለእርስዎ አልነግርዎትም።

ወደ ቢሮዎም መጥቼ ነበር። በሽተኛው ስላረፉ ጉዳዩ መዘጋቱን፣ ማውሷም በምርመራ ደህና መሆኗ ስለተረጋገጠ የሚታረም ነገር አለመኖሩን ጸሐፊዎ በመልካም ፈገግታ ገልጻልኛለች። ወረቀቶቹን በመላጨቴም ሳልጠየቅ እንደማልቀር አክላልኛለች። ልጠየቅ፤ ምን ገዶኝ።

ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ የምጠይቅዎት አንድ ነገር ብቻ ነው። ነፋሱን አይላኩብን፤ እርስዎ ራስዎ ቤታችን ይምጡ። እናቴ አጠገብ ወንበር ይሳቡ። ማውሷንም የላጨኋቸውን ወረቀቶችም አስቀምጫቸዋለሁ፤ መልሰን ከሥሯ እንለጥፋቸው፤ ያንኑ ስክሪን ይዘው ይምጡና እናብራው፤ ቀስቷን «እባክዎ ይቆዩ» ላይ ያቁሙና እጅዎን አሳርፈው እንደ ሽማግሌ በሽተኛ ይጠብቁ። ከዚያ ይጫኑ። ማሽኑ የሚለውን ከሰማን በኋላ፣ በዚያ ጤነኛ ምላስዎ፣ «እናቴ፣ ያጠፋነው እኛ ነን፤ እሳቸው ሂጂ አላሉዎትም» ይበሏት። ከዚያ ወዲያ እኔ ነዝናዛው ደጃችሁን አልረግጥም።

የተለጠፈውን ሁሉ አምኖ የኖረ፣ ከመቀስና ከምላጭ በቀር ሥልጣን የሌለው፣ ለአባቱ ያልደረሰለት፣ ለእናቱ ግን እንዳይመሽበት የቸኮለ አገልጋይዎ፣ ከወገቡ ዝቅ ብሎ እጅ እየነሳ፣ በልዩ አክብሮት ይሰናበትዎታል፤

የሟቹ ፀጉር አስተካካይ ልጅ

ተጨማሪ፦ ለመምጣት ካሰቡ አንድ ነገር አስቀድሜ ላሳስብዎ። እናቴ ሐዘኑ ሰው አስጠልቷታል፤ በሩን ከፍታ እርስዎን ስታይ ፊቷን አጥቁራ «እባክዎ ይሂዱ» ልትልዎት ትችላለች። አደራዎን፣ ተቀይመው እንዳይመለሱ። አባቴም እንዲያ ያለው ቆዪ ለማለት ነበር።